ፀሐይ ስትገባ የሚበራው ፓውዛ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ በራያ ቆላ ማሽላው ታጭዶ አገዳው በየማሳው በተከመረበት ሰሞን ነው። ገና ብዙ አልቆየም። ቢቆይም የምረሳው አይመስለኝም፤ ፀሐይ ከተራራው ጀርባ በገባች ቁጥር ትዝ ይለኛል። ለሰው ሳወራው ግማሹ ይስቃል፣ ግማሹ ዝም ይላል። እኔም በየትኛው እንደምስማማ ገና አልወሰንኩም።

ግርማይ እባላለሁ። አባቴ ከማይጨው በኩል መጥቶ ቆቦ የከተመ ነጋዴ ነበር፤ እኔ እዚሁ ተወልጄ እዚሁ የመኪና ኤሌክትሪክ እሠራለሁ። በባሕሪዬ ነገር ቶሎ አልቀበልም። “መኪናዬን ዓይን በላት” ብለው የሚመጡ ሾፌሮች ብዙ ናቸው። እኔ እስከማውቀው ድረስ ያ ዓይን ሁልጊዜ የተላጠ ሽቦ ሆኖ ነው የሚገኘው። ስለዚህ ይህን የምጽፈው በትንሽ ትልቁ የሚደነግጥ ሰው ሆኜ እንዳልሆነ አስቀድማችሁ ያዙልኝ።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ሰይድ በእግሩ ወደ ሥራ ቦታዬ መጣ። ሰይድ ከቆቦ ወደ ዋጃ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለች መንደር ነው። ታላቅ ወንድሙ አህመድ አሮጌ ፒክአፕ ነበረው፤ ሽንኩርትና ቲማቲም ከየመስኖው እያነሳ ከተማ ያደርስ ነበር። ሰይድ ረዳቱ ነበር፤ መንጃ ፈቃድም አውጥቷል። አህመድን መስከረም ላይ ወባ ይዞት በጥቂት ቀን ውስጥ ሞተ። በቀብሩ ቀን እኔ ከተማ አልነበርኩም፣ በኋላ ግን ሄጄ ለቅሶ ደርሻለሁ። ጎበዝ ልጅ ነበር። የመኪናውን ሽቦ ራሱ ስለሚሠራ እኔ ጋ የሚመጣው ዕቃ ሊገዛ ብቻ ነበር፤ በዚህም እቀልድበት ነበር።

“ምነው በእግርህ? መኪናዋስ?” አልኩት ሰይድን።

“ቆማለች።”

“ባትሪ ሞተ?”

“አልሞተም” አለና መሬት መሬቱን አየ። “ትበራለች።”

“ምኗ ነው የሚበራው?”

“የኋላ ፓውዛዋ። ጭነት ስንጭን የምናበራው፣ ጋቢናው አናት ላይ ያለው። የኋላ ማርሽ መብራቱም አብሮ ይበራል። ፀሐይ ስትገባ፣ ማንም ሳይነካት። ቁልፉ ቤት ውስጥ ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ።”

ሳቅሁ። “ታዲያ የኋላ ማርሹን ማን አስገብቶት ነው?”

“እኔም እሱን ነው የምጠይቅህ” አለኝ።

አልሳቀም። ሰይድ በጨዋታው የሚታወቅ ልጅ ነበር፤ እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ግራሶ የሞላበት ወንበሬን ጠርጌ አስቀመጥኩትና ነገሩን ከሥሩ እንዲነግረኝ ጠየቅሁት።

የጀመረው ከቀብሩ ማግስት ነው። ሰው ለለቅሶ ግቢውን ሞልቶ ሳለ፣ ልክ መግሪብ ሲደርስ፣ ቆሞ የነበረው መኪና ድንገት ግቢውን በነጭ ብርሃን አጥለቀለቀው። ሴቶቹ ጮኹ። የአህመድ እናት ግን ተነሥተው ሄዱ፤ የሾፌሩ በር ላይ እጃቸውን አሳርፈው አንድ ነገር ተናገሩ። መብራቱ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ በየማታው እንዲሁ ነው። ይበራል፣ እናትየው ይወጣሉ፣ በሩን ይነካሉ፣ ይጠፋል። ሰደቃ ወጣ። የመንደሩ ሼህ መጥተው ዱዓ አደረጉ። ያን ቀን ሰማዩ ደመና ለብሶ ውሎ ነበር፤ ማታ ሳይበራ ቀረና ሁሉም አልሐምዱሊላህ አለ። በማግስቱ ተመልሶ በራ።

“እናቴ እያለቀችብኝ ነው ግርማይ” አለኝ ሰይድ። “እህል አትቀምስም። ቀኑን ሙሉ ፀሐይዋን ስታይ ትውላለች። ‘ልጄ ነፍሱ አላረፈችም፣ ቤቱ ገብቶ ማረፍ ነው ያቃተው’ ትላለች። እኔ የማያት ግን እሷ ልትከተለው ስትሰናዳ ነው። ጅን ከሆነ ጅን ነው በለኝ፣ ሽቦ ከሆነ ሽቦ ነው በለኝ። አንዱን ልወቅና እናቴን ላትርፍ።”

“ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው እኮ የያዛችሁት። ጅን ፊውዝ የት ያውቃል?” አልኩት። ዕቃዬን በቦርሳ ሞላሁና ከሰዓት በኋላ በባጃጅ አብረን ሄድን።

ግቢያቸው በእሾህና በበለስ ታጥሯል። መኪናው ቁርቁራ ዛፍ ሥር፣ ፊቱን ወደ አጥሩ በር፣ ጀርባውን ወደ ቤቱ አድርጎ ቆሟል። አህመድ ሁልጊዜ እያፈገፈገ ነበር የሚያስገባው። የዚያ ሰሞን የቆቦ አቧራ እንዴት እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ መኪናው ከጎማው እስከ ጣሪያው አመድ መስሏል። የሾፌሩ በር ላይ ግን አንዲት ንጹሕ ቦታ አየሁ። የሰው መዳፍ ታክላለች፤ ጣቶቹ ሳይቀሩ ይለያሉ። የሰይድ እናት በየማታው እጃቸውን የሚያሳርፉበት ቦታ ነው። ይህንን እያወቅሁ እንኳ ደስ አላለኝም።

ቁልፉን ከሰይድ ተቀብዬ ኪሴ ከተትኩ። ኮፈኑን ከፍቼ መጀመሪያ ባትሪውን በቴስተር ለካሁት። ሙሉ ነው። ደግሜ ለካሁት፣ ያው ሙሉ ነው።

“መኪናዋን እያስነሣህ ታሞቃታለህ እንዴ?” አልኩት።

“እኔ? ወላሂ፣ ከቀብሩ ወዲህ ጋቢናዋ ውስጥ አልገባሁም። ማንም አልገባም።”

የሚያሞኘኝ መሰለኝ። ያንን የመዳፍ ምልክት ላለመንካት በረዳቱ በር ገብቼ ማብሪያውን ሞከርኩ፣ ፓውዛው በራ፤ አጠፋሁት፣ ጠፋ። ፊውዞቹን አየሁ፣ ደህና ናቸው። በየሽቦው ቴስተሬን እየነካካሁ ብዙ ቆየሁ። መኪናው ከቆመ ወዲህ እንደ ማንኛውም የቆመ መኪና ዝም ብሏል። የሚያስደነግጥ ቀርቶ የሚያስጠረጥር ነገር አጣሁበት።

ይህን ጊዜ እናትየው ውሃ ይዘው ወጡ። ዘሃራ ነው ስማቸው። እኔ እንደ ቤታችን ልማድ በትግርኛ አደይ ዘሃራ፣ እናቴ ዘሃራ፣ እላቸዋለሁ፤ ይወዱታል። ለቅሶ ስሄድ ካየኋቸው ወዲህ ግማሽ ሆነዋል፤ የእጃቸው አንጓ ብቻ ቀርቷል።

“አደይ፣ አይዞዎት፤ ዛሬ አገኘዋለሁ” አልኳቸው።

“አሁን እኮ የለም ልጄ” አሉኝ ረጋ ብለው። “ምን ትደክማለህ? ፀሐይ ትግባ።”

ውሃውን ተቀብዬ ጠጣሁ። ከቁርቁራው ሥር ሦስታችንም ተቀመጥን። ስለ ሽንኩርቱ፣ ስለ ዘንድሮው ማሽላ ጨዋታ ለማንሣት ሞከርኩ። አደይ ዘሃራ መልስ ይሰጡኛል፣ ዓይናቸው ግን ከምዕራቡ ተራራ አይነሣም።

በእኛ አገር ፀሐይ ቀስ ብላ አትጠልቅም፤ ምዕራቡ ተራራ ስለሆነ ድንገት ነው የምትገባው። ሜዳው ባንዴ ጥላ ሆነ። በምሥራቅ የዞብል ተራራ ብቻ ገና ቀይ ነው። ከመስጊዱ አዛን ተሰማ። ቀኑን ሙሉ ሲያቃጥል የዋለው አየር ቀዝቀዝ አለ። ከዚያ መኪናው ቋ አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ቋ፣ ቋ አለ። ሰው ሳይረጋጋ ሲቀር ወንበር ላይ እንደሚያሰማው ድምፅ ነው። ሰይድ ክንዴን ያዘኝ።

በራ።

ነጩ ብርሃን የቤቱን በር መታው። ከታች ሁለቱ የኋላ ማርሽ መብራቶች በሩ። አንድ ሰው ጋቢናው ውስጥ ተቀምጦ ወደ እኛ ሊያፈገፍግ ማርሽ እንዳስገባ ሁሉ። ሞተሩ አልተነሣም። በጋቢናው የኋላ መስታወት ስመለከት መሪውና ባዶው ወንበር ይታያሉ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ጭኔን ይወጋኛል። እኔ በስመ አብ ብዬ አማተብኩ፣ ሰይድ ቢስሚላህ አለ፤ ሁለታችንም እየተገፋፋን ወደ ዛፉ ግንድ አፈገፈግን። ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል፤ ያኔ ግን የሚያስቅ አልነበረም።

አደይ ዘሃራ ብቻ ተነሡ። መሬቱን በእግራቸው እየዳበሱ በብርሃኑ ውስጥ ሄዱ። ጥላቸው ከኋላቸው የቤቱን ግድግዳ አልፎ ጣሪያው ላይ ወጣ። የሾፌሩ በር ጋ ሲደርሱ መዳፋቸውን አሳረፉና በዝግታ ተናገሩ።

“መጣህ? እሽ ልጄ። ደክሞሃል፣ በቃህ፣ ግባና እረፍ።”

ጠፋ።

በጨለማው ውስጥ ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ። “አየኸው?” አሉኝ።

ዕቃዬን ሳልሰበስብ፣ ጧት እመለሳለሁ ብዬ መንገድ ወጣሁ፤ ወደ ቆቦ የሚመለስ ሚኒባስ አግኝቼ ገባሁ። ሰው ጥያቄ ሲጠይቀኝ አልሰማም ነበር።

ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ፈርቼ ነው፤ አልዋሽም። ግን ከፍርሃቱ ጋር አንድ ነገር ይከነክነኝ ነበር። ሲበራ አይደለም፣ ሲጠፋ ነው የሚከነክነኝ። ለምን እጃቸውን ሲያሳርፉ ይጠፋል? ደግሞስ ለምን ያ በር? ነፍስ ከሆነች እናቷን ለማወቅ በር መነካት አለበት? ይህን እያሰብኩ ነጋ። ፀሐይ ወጥታ ሁሉም ነገር ሲታይ ሰው ይደፍራል፤ እኔም ደፈርኩና ተመለስኩ።

በዚያው በረዳቱ በር ገብቼ ከመሪው በታች ያለውን ክዳን ፈትቼ ተንጋለልኩና ውስጡን አየሁ። መጀመሪያ የገረመኝ የአህመድ እጅ ነው። ሽቦዎቹ በወግ በወግ ታስረዋል፣ መጋጠሚያው ሁሉ በሊድ ተበይዶ በቴፕ ተሸፍኗል። የእኔን ሥራ እንደዚያ ብሠራው ደስ ይለኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሪሌ የምንላት ትንሽ ሳጥን አለች፤ በቀጭን ሽቦ ትእዛዝ ትቀበልና በወፍራሙ ሽቦ ለትልቁ መብራት ኃይል ትለቃለች። አህመድ ለፓውዛው ሪሌ ሦስት አዛዥ ሰጥቷታል። ሾፌሩ ጋቢና ውስጥ ያለውን ማብሪያ ሲጫን ትታዘዛለች። የኋላ ማርሽ ሲገባም ትታዘዛለች። ሦስተኛው ሽቦ ወዴት እንደሚሄድ ገና አላወቅሁም። ታዲያ ብዙ አዛዥ ባለበት አንዱ የላከው ኤሌክትሪክ ዞሮ በሌላው ሽቦ ገብቶ የማይመለከተውን መብራት እንዳያበራ በየሽቦው ላይ ዳዮድ ይደረጋል። ዳዮድ ኤሌክትሪክን ባንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ ነው፤ መሄድ አለ፣ መመለስ የለም። አህመድ ሦስቱንም አድርጓል። በኋላ ማርሹ ሽቦ ላይ ያለው ግን ተቃጥሎ በሁለቱም በኩል እያሳለፈ ነው። ፓውዛው በሌላ መንገድ በበራ ቁጥር የኋላ ማርሹ መብራት አብሮ የሚበራው ለዚህ ነው።

እፎይ አልኩ። ማርሽ የሚያስገባ ሰው እንደሌለ ቢያንስ አወቅሁ። ሦስተኛውን ሽቦ ግን በእጄ እየተከተልኩ ሄድኩ። ምንጣፉን አልፎ፣ በወለሉ ጠርዝ ዞሮ፣ የሾፌሩ በር ጋ ደረሰ። በሩን ከውስጥ ስከፍተው ፓውዛው በራ። በሩ ከሚገጥምበት ብረት ላይ አንዲት ትንሽ የመብራት ቁልፍ ተተክላለች፤ ፍሪጅ ሲከፈት ውስጡን የሚያበራው ዓይነት። በሩ ሲከፈት ብቅ ትላለች፣ ፓውዛው ይበራል። በሩ ሲዘጋ ትጫናለች፣ ይጠፋል።

ከመኪናው ወረድኩና በሩን ዘግቼ ከታች በኩል በጉልበቴ ትንሽ ከፍ አደረግሁት። በራ። መዳፌን አሳርፌ ገፋሁት። ጠፋ።

“ሰይድ፣ ና ተመልከት” ብዬ ተጣራሁ።

የበሩ ማጠፊያ ወልቆ ሊወድቅ ደርሷል። በሩ ዝቅ ብሏል፤ ሲዘጋ የሚይዘው በጭንቅ ነው። “ይህ በር መቼ ነው እንዲህ የሆነው?” አልኩት። ሰይድ ማጠፊያውን ሲያይ ቆየ።

“በቀብሩ ቀን” አለኝ። “አህመድ ያረፈው ከተማ ነው። ከዚያ ወደዚህ ያመጣነው በራሷ ነው፣ በዚችው መኪና። ሰው ሞልቶ ነበር። ከኋላ ቦታ ያጣው በሩን ከፍቶ መርገጫው ላይ ቆሞ፣ በሩን ታቅፎ ነው የመጣው። እስከ መቃብሩ ድረስ እንደዚያ ነው የሄድነው።”

ሁሉም ነገር ገባኝ። ያን ሁሉ ሐዘንተኛ ክብደት ተሸክሞ ማጠፊያው ወለቀ። ቀን ፀሐዩ ቆርቆሮውን ሲያግለው ይለጠጣል፤ ማታ ተራራው ፀሐይዋን ሲደብቃት ባንዴ ይቀዘቅዝና ይኮማተራል፣ ያ ቋ ቋ የሚለው እሱ ነው። የላላው በር በፀጉር ያህል ፈቀቅ ይላል፣ ቁልፏ ብቅ ትላለች። እናትየው በሩን ሲጫኑት ተመልሶ ይቀመጣል፣ በማግስቱ ፀሐይ እንደገና እስክታላቅቀው። ሰማዩ ደመና የሆነ ቀን ያልበራውም ቆርቆሮው ስላልጋለ ነው። ይህን ለሰይድ ስነግረው ከደስታዬ ብዛት ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

“አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ” አልኩት። “ወንድምህ ለጭነት መኪና ይህን የበር ቁልፍ ምን ሊያደርግለት ሰካው? ለጭነት ማብሪያ አለው፣ ሲያፈገፍግ ራሱ ይበራለታል። እንዲህ የሠራ ሰው አይቼ አላውቅም።”

“እኔም አላውቅ፤ ሲወርድ የሚበራው ራሱ ማብሪያውን እየተጫነ ይመስለኝ ነበር” አለ ሰይድ።

“እኔ ዐውቃለሁ” አሉ አደይ ዘሃራ።

ከኋላችን ቆመው ሲሰሙን ኖሯል። ቀረብ አሉና ያቺን ትንሽ ቁልፍ በጣታቸው ዳሰሷት።

“እኔ ሲመሽ ዓይኔ አያይም” አሉኝ። “አህመድ ማታ ሲመጣ እወጣና እቀበለዋለሁ፤ ሳልወጣ ቀርቼ አላውቅም። አንድ ማታ እወጣለሁ ብዬ በድንጋይ ተደናቅፌ ወደቅሁ፤ ክንዴ ተሰብሮ ስንት ጊዜ ታሰረ። ኸዚያ ወዲያ ሲመጣ ግቢው እንዲህ ወለል ብሎ ይበራል። ‘ምን አድርገህ ነው?’ ስለው ይስቃል እንጂ አይነግረኝም። መኪናውን ወደ ኋላ ሲያስገባ ይበራል፣ ኸመኪናው ወርዶ በሩን ይዞ ይጠብቀኛል፣ አይዘጋውም። እኔ ደርሼ እጄን በሩ ላይ ሳደርግ ያኔ ይዘጋዋል። በየማታው እንዲህ ነበርን።”

ሰይድ ፊቱን አዞረ። እኔም የያዝኩትን የብሎን መፍቻ መርገጫው ላይ አስቀመጥኩ። ትናንት ማታ ያየሁት ሁሉ በአዲስ ዓይን መጣብኝ። አደይ ዘሃራ መኪናውን የሚያስታግሱ ሴት አልነበሩም፤ እንደ ልማዳቸው ልጃቸውን ሊቀበሉ ነበር በየማታው የሚወጡት። ልጁም ቢሆን ለማንም አልነገረም። እናቱ እንዳትወድቅ ብሎ ሽቦ ዘረጋ፣ ዳዮድ በየደ፣ ዝም አለ።

ከዚህ በኋላ ያለው ነው የከበደኝ። መንገር ነበረብኝ። ያንን ብርሃን ነጥቄ የምወስድባቸው መሰለኝ። ብርሃኑ ሲቀር እሳቸውም ይቀራሉ ብዬ ፈራሁ።

“አደይ፣ ሽቦ ነው” አልኳቸው። “ማጠፊያው ስለወለቀ ነው በሩ ራሱ የሚላቀቀው። ማንም የለበትም።”

እጃቸው በሩ ላይ እንዳለ ነው።

“በሩ ነው የሚላቀቀው?”

“በሩ ነው፣ አደይ።”

“ልጄ አይደለም የሚመጣው?”

“አይደለም።”

“ታዲያ ልጄ አርፏል?”

ይህን የጠየቁኝ እኔን ነው፤ የሽቦ ሠራተኛውን፣ የሌላ ሃይማኖት ሰውየውን። ሰይድን አየሁት፤ አንገቱን ደፍቷል።

“አርፏል” አልኩ። “አርፏል፣ አደይ።”

አደይ ዘሃራ እዚያው መርገጫው ላይ ቁጭ አሉና አለቀሱ። ሰይድ በኋላ እንደነገረኝ ከቀብሩ ወዲህ እንባ አውጥተው አያውቁም፤ ልጁ ቤት ሳይገባ እንዴት ይለቀስለታል ብለው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ድምፃቸው እስኪዘጋ አለቀሱ። ከጎረቤት ሴቶች ሰምተው መጡ፣ ይዘዋቸው ገቡ። እኔ ቁርቁራው ሥር ሄጄ ፊቴን ታጠብኩ።

ከሰዓቱን በሥራ አሳለፍኩት። ማጠፊያውን አስጠገንኩ፣ የተቃጠለውን ዳዮድ አውጥቼ አዲስ በየድኩ። ሰይድ የበሩን ሽቦ እንድቆርጠው ፈልጎ ነበር። አደይ ዘሃራ ከውስጥ “ተወው” ስላሉ ተውኩት። ሌሎቹን አልነካሁም። በሰው ሥራ ላይ እጄን ባስገባ ከማበላሸት በቀር ማሻሻል እንደማልችል ያወቅሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን ልደብቃችሁ አልፈልግም። ልጨርስ ስል ባትሪውን እንደገና ለካሁት። አሁንም ሙሉ ነው። መኪና ሳይነሣ ያን ያህል ጊዜ ቆሞ፣ በየማታው እንዲያ ያለ ፓውዛ እያበራ፣ ደግሞ ዳዮዱ ተቃጥሎ፣ ባትሪው ከመስከረም እስከዚያ ቀን ሙሉ ሆኖ ሊቆይ አይገባም። ባትሪው ደግሞ አዲስ አይደለም፤ አህመድ ድሮ የገዛው ነው። ቴስተሬ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ከተማ ስመለስ በሌላ ባትሪ ሞከርኩት፤ ደህና ነው። ሰይድን ደግሜ ጠየቅሁት፤ በአላህ ስም ማለልኝ። ለሥራ ባልደረቦቼ ስነግራቸው አንዱ “ተሳስተህ ነው የለካኸው” አለ፣ ሌላው ወሬውን ወደ ሌላ አዞረው። በሩን አስረዳሁ፣ ዳዮዱን አስረዳሁ። ይህን ግን እስከ ዛሬ ማስረዳት አልቻልኩም። ለአደይ ዘሃራ አልነገርኳቸውም፤ አልነግራቸውምም።

ያን ማታ ቁጭ ብለን ጠበቅን። ፀሐይ ገባች፣ አዛን ተባለ፣ መኪናው ቋ ቋ አለ። አልበራም። ጨለማው ቀስ እያለ ግቢውን ሞላው። አደይ ዘሃራ ጨለማውን ሲያዩ ቆዩና ተነሥተው ለሶላት ገቡ። ከሶላቱ በኋላ ወጥ አምጡልኝ ሲሉ ሰማሁ። ሰይድ በጨለማው ውስጥ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሰይድ መኪናውን አወጣ። ከሮቢት ወዲህ ካለ መስኖ ሽንኩርት ጭኖ ቆቦ አራገፈና፣ ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ “አብረኸኝ ሂድ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ማስገባት ፈራሁ” አለኝ። ሄድኩ። ግቢው ስንደርስ ጀምበር ጠልቃለች። ሰይድ የኋላ ማርሽ አስገባ። ፓውዛው በራ፤ እኔው የሠራሁት መሆኑን እያወቅሁ ሰውነቴ ውርር አለኝ። ሰይድ አቁሞ ወረደ። በሩን ሊዘጋ እጁን ሰዶ ነበር፤ ተወው። እንደተከፈተ ይዞት ቆመ።

አደይ ዘሃራ ከቤት ወጡ። በብርሃኑ ውስጥ ቀጥ ብለው መጡ፤ መሬቱን በእግራቸው አልዳበሱም። የልጃቸውን ፊት ቀና ብለው አዩ።

“ሰይድ” አሉ። “መጣህ ልጄ?”

“መጣሁ እናቴ” አለ ሰይድ።

እናቱ በስሙ ሲጠሩት ወንድሙን ከቀበረ ወዲህ የመጀመሪያው መሆኑን የነገረኝ በማግስቱ ነው። እስከዚያ ድረስ እያዩት አያዩትም ነበር።

አሁን አደይ ዘሃራ ደህና ናቸው፤ እህል ይበላሉ፣ ገበያ ይወጣሉ፣ እኔን ሲያገኙኝ እንደ ልጃቸው ይቆጡኛል። ስንት መኪና አብርቻለሁ፤ በአንዱም እንደዚያ መኪና ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሰይድ ዕቃ ሊገዛ ሲመጣ መኪናውን ሥራ ቦታዬ ደጅ ያቆመዋል። ሊያወራኝ ሲቀመጥ ደስ ይለኛል። ፀሐይ ስትገባ ግን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ እሱ እዚያ ከሌለ ከመኪናው አጠገብ ብቻዬን አልቆምም።